በጣራ ላይ የሚተከሉ የአየር ማቀዝቀዣና ማሞቂያ መኪናዎች፤ የላቦታቸውና የዝገታቸው ምክንያት እንዴት እንደሚታወቅ

በመደብሩ፣ በመጋዘኑ ወይም በሆቴሉ ጣራ ላይ የአየር ማቀዝቀዣ መኪና ያስተከለ ነጋዴ፣ ከኮርኒሱ ውኃ ሲንጠባጠብ ባየ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠረጥረው ጣራውን ነው። ወዲያው ጣራ ሠሪ ይጠራል፤ ቅጥራን ይቀባል፤ ገንዘብም ይወጣል። ይሁን እንጂ ሳምንት ሳይሞላ ውኃው ተመልሶ ይንጠባጠባል። ምክንያቱም ውኃው ከሰማይ የወረደ ሳይሆን መኪናው ራሱ ከአየር ያጠራቀመው ነው። በዚህ መካከል ከሥሩ የተደረደረው ጨርቅ፣ ወረቀትና ስኳር ይበላሻል፤ ኪሣራውም ከጥገናው ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

አየር በዓይን የማይታይ የውኃ ተን ይይዛል። የሞቀ አየር ብዙ ተን ይሸከማል፤ የቀዘቀዘው ግን ጥቂት ብቻ ነው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እርጥበቱም 60 በመቶ የሆነ አየር ከ17 ዲግሪ ገደማ በታች የቀዘቀዘ ብረት ሲነካ የተረፈውን ተን ጤዛ አድርጎ ይጥለዋል። እንደ ጅቡቲና እንደ ምጽዋ ባለ ጠረፍ አየሩ 35 ዲግሪ፣ እርጥበቱም 60 በመቶ ሲሆን፣ ከ26 ዲግሪ ያነሰ ብረት ሁሉ ያልበዋል። እንግዲህ መኪናው ማላቡ በሽታ አይደለም፤ እንዲያውም ሥራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ዊሊስ ካሪየር በብሩክሊን ለነበረ ማተሚያ ቤት የማቀዝቀዣ መሣሪያ ሲነድፍ፣ የተፈለገው ለኅትመት ያስቸገረውን እርጥበት ከአየሩ ለማውጣት ነበር። በሽታ የሚሆነው የወጣው ውኃ መሄጃ ሲያጣ ነው።

ስለዚህ መርማሪው ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ጊዜው ይጠይቅ። ውኃው በዘነበ ቀን ብቻ፣ መኪናው ቆሞ ሳለም የሚወርድ ከሆነ ጥፋቱ የጣራው ነው። በጠራ ቀን መኪናው በሠራ ቁጥር የሚወርድ ከሆነ ግን የመኪናው ነው። መኪናውን አንድ ቀን አቁሞ መመልከት ምንም ወጪ የለውም። በአዲስ አበባ በጥቅምትና በኅዳር፣ ሰማዩ ጠርቶ ባደረበት ማለዳ፣ በመኪናው ሽፋን ላይ የሚታየው ጤዛ ግን ሊያሳስብ አይገባም፤ ፀሐይ ስትሞቅ ይደርቃል።

ጥፋቱ የመኪናው መሆኑ ከታወቀ በኋላ ዓይን መጣል የሚገባው በውኃ ማስወጫው ላይ ነው። ከማቀዝቀዣው ጥቅልል ቧንቧ ሥር ውኃ የሚቀበል ዝርግ ትሪ አለ፤ ከትሪውም ወደ ውጭ የሚወስድ ቧንቧ ተቀጥሏል። በብዙዎቹ መኪናዎች ቬንቲላቶሩ የሚገኘው ከጥቅልሉ በኋላ ስለሆነ፣ አየሩን ወደ ራሱ ሲስብ ትሪው ያለበትን ክፍል ሁሉ አብሮ ይስባል። በቧንቧው ላይ እንደ ሀ ፊደል የተቀለበሰና ውኃ የሞላበት ሲፎን ከሌለ፣ የውጭው አየር በቧንቧው ሽቅብ ይገባና ውኃው እንዳይወርድ ይከለክለዋል። ትሪው ይሞላል፤ ይፈሳል፤ ቬንቲላቶሩም ነጠብጣቡን ወደ አየር መተላለፊያው ይረጨዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ መኪናው ሲሠራ ጠብ የማይለው ውኃ፣ መኪናው በቆመ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተንደርድሮ ከወረደ ጥፋቱ የሲፎኑ ነው። የሲፎኑ ጥልቀት ከቬንቲላቶሩ የመሳብ ኃይል መብለጥ አለበት፤ ኃይሉ ውኃን 25 ሚሊሜትር የሚያነሣ ከሆነ፣ የዚያኑ ያህል ብቻ ጥልቀት ያለው ሲፎን አይበቃውም። መኪናው ለወራት ቆሞ ከከረመም ሲፎኑ ይደርቃልና ሥራ ሳይጀምር አንድ ጣሳ ውኃ ማፍሰስ ነው። አንዳንዱ ጠጋኝ ይህን ንቆ ጋዝ ለመሙላት ይቸኩላል፤ ጋዙ ግን በዚህ ጉዳይ ምንም የለበትም።

የአየር ማጣሪያው በአቧራ ከተደፈነ ደግሞ ጥቅልሉ ከመጠን በላይ ቀዝቅዞ በረዶ ይይዛል፤ በረዶው ሲቀልጥ ትሪው ከሚችለው በላይ ውኃ ይለቃል። ጋዝ ሲጎድልም እንዲሁ በረዶ ይታያል። ከትሪው ርቆ በአየር መተላለፊያው ላሜራ ላይ ጤዛ ከታየ ግን፣ ሙቀት የሚከላከለው ሽፋን ተቀድዷል ማለት ነው።

ወደ ዝገቱ ስንመለስ፣ ቀለሙ ብዙ ይናገራል። በላሜራው ላይ ነጭ ዱቄት ከታየ እየተበላ ያለው ዚንኩ ነው፤ ብረቱ ገና አልተነካም። ቀይ ዝገት የታየ እንደሆነ ዚንኩ በዚያ ቦታ አልቋል። ከብሎኑ ጭንቅላት ብቻ የሚወርድ ቀይ መስመር ብዙ ጊዜ ብሎኑን በመለወጥ ይቆማል። ቀለሙ ከሥር ተነፍቶ ከተነሣ ግን ዝገቱ ከውስጥ ነው፤ በካቻቢቴ ጫፍ ይሞከር፤ ላሜራው ከጠነከረ ተፍቆ ይቀባ፤ ከተበሳ ይለወጥ። በአገራችን ተለይቶ ሊታሰብበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከመዳብ ጥቅልል የሚንጠባጠብ ውኃ በቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲፈስ፣ የያዘው ጥቂት መዳብ ዚንኩን ፈጥኖ ይበላዋል። ስለዚህ የማስወጫው ቧንቧ እስከ መሬት ወይም እስከ ፕላስቲክ አሸንዳ ይድረስ።

በጋዝ የሚሠራ ማሞቂያ አብሮት ያለውን መኪና በሚመለከት ነገሩ ይከብዳል። የጋዝ ጭስ ራሱ የውኃ ተን ስለሚይዝ፣ በቀዘቀዘ ብረት ላይ ጤዛ ሆኖ የሙቀት ማስተላለፊያውን ያዝገዋል። በእሳቱ ክፍል ውስጥ የዝገት ቅርፊት ከተገኘ ብረቱ ተሰንጥቆ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ቤቱ ሊያስገባ ይችላልና፣ ባለሙያ ሳያየው ማሞቂያው አይለኮስ።

እንዲህ ያለው መኪና የሚበዛው በሰሜን አሜሪካ ነው። በዚያ ምግብ ቤትና ሱቅ የሚከፍቱ ወገኖቻችን በሚፈርሙት የኪራይ ውል፣ የጣራውን መኪና የመጠገን ግዴታ ብዙ ጊዜ በተከራዩ ላይ ይወድቃል። እንግዲህ ከመፈረሙ በፊት ከባለሙያ ጋር ጣራው ላይ ይወጣ፤ ትሪው፣ ሲፎኑና የእሳቱ ክፍል ፎቶግራፍ ይነሡ፤ ቀን ተጽፎባቸውም ከውሉ ጋር ይያያዙ።