በመካከለኛው አውስትራሊያ መንደሮች የደጅ ኑሮና የቤቶች ሙቀት

በመካከለኛው አውስትራሊያ ደረቅ ምድር የሚኖሩት የነባሩ ሕዝብ፣ ማለትም የአቦሪጂን ቤተሰቦች፣ የዕለት ኑሯቸውን አብዛኛውን ክፍል የሚያሳልፉት በደጅ ነው። በአሊስ ስፕሪንግስ አካባቢ በጥር የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ 36 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ በሐምሌ ሌሊት ግን ወደ 4 ዲግሪ ይወርዳል፤ ውርጭም ይጥላል።

የፒትጃንትጃትጃራ ሰዎች ለዚህ የአየር ጠባይ ከጥንት ጀምሮ የሚስማሙ መጠለያዎች ነበሯቸው። «ዊልቻ» የሚባለው ከቅርንጫፍና ከቅጠል የሚሠራ ዳስ ሲሆን፣ «ዩ» የሚባለው ደግሞ ነፋስ በሚመጣበት በኩል የሚቆም ዝቅተኛ ከለላ ነው። ከከለላው ጀርባ እሳት ይነዳል፤ ቤተሰቡም በእሳቱ አጠገብ ይተኛል። ነፋሱ አቅጣጫ ቢለውጥ ከለላውን ማዛወር ብዙ ድካም አይጠይቅም።

መንግሥት ሕዝቡን በሠፈራ ጣቢያዎች ሲያሰባስብ ይህ ልማድ ከግምት አልገባም። በፓፑንያና በሌሎች የሰሜን ግዛት ጣቢያዎች የተተከሉት ባለ አንድ ክፍል የአሉሚኒየም ቤቶች በሙቀት ወራት እንደ ምድጃ የሚግሉ፣ በብርድ ወራትም የሚያንዘፈዝፉ ነበሩ። ብዙዎች ቤቱን ዕቃ ማኖሪያ አድርገው በደጅ ማደራቸው «ቤት መያዝ አያውቁም» ለሚል ፍርድ ምክንያት ሆነ፤ ጉድለቱ ግን የነዋሪው ሳይሆን የፕላኑ ነበር።

በ1987 (እ.ኤ.አ.) በንጋናምፓ የጤና ምክር ቤት አማካይነት በአናንጉ ፒትጃንትጃትጃራ ምድር የተካሄደው ጥናት ጉዳዩን ከጤና ጋር አያያዘው። አርክቴክቱ ፖል ፎሌሮስ፣ ሐኪሙ ፖል ቶርዚሎና ስቴፋን ሬይናው ለጤናማ ኑሮ አስፈላጊ ናቸው ብለው ከዘረዘሯቸው ዘጠኝ ነገሮች አንዱ የሙቀትና የብርድ ቁጥጥር ነው።

በረንዳ እንግዲህ ጌጥ አይደለም። አልጋ የሚዘረጋበት፣ ምግብ የሚበስልበት፣ መንገደኛውና ጎረቤቱ ከሩቅ የሚታይበት ስፍራ ስለሆነ ስፋቱ በዚሁ ልክ መታሰብ አለበት። በባህሉ አማችና አማት ፊት ለፊት መገናኘት ስለማይገባቸው፣ ሁለተኛ መውጫ ማስፈለጉም ከቁጥር መግባት አለበት። በውሃ ትነት የሚያቀዘቅዘው መሣሪያ በደረቅ አየር ጥሩ ቢሠራም ውሃ፣ ጥገናና መብራት ይፈልጋል፤ ቅድሚያ ክፍያ በሚጠይቅ ቆጣሪ በሚጠቀሙ ቤቶች ደግሞ ሒሳቡ ሲያልቅ መሣሪያው ይቆማል። ጥላ ግን ቆጣሪ የለውም።

ፕላኑን ለሌላ አገር ሠፈራ ለመዋስ የሚያስብ ባለሙያ አቅጣጫውን ይመርምር። በመካከለኛው አውስትራሊያ የብርዱ ወራት ፀሐይ የምትገባው በሰሜን በኩል ስለሆነ በረንዳው ለዚያው ይከፈታል፤ በኢትዮጵያ ግን የቀትር ፀሐይ በዓመቱ አብዛኛው ወራት ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። የምዕራቡ ግድግዳ በሁለቱም አገር ጥላ ይፈልጋል።