ክብደት መቀነስ ለማን ይመከራል? ዓይነት 2 የስኳር ሕመም እና የደቡብ ጎንደር ደጋ ታካሚ

መግቢያ

ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ለተገኘበት ሰው ከሚሰጡት ምክሮች ቀዳሚው «ክብደት ይቀንሱ፤ አመጋገብዎን ያስተካክሉ» የሚለው ነው። ምክሩ ጠንካራ ማስረጃ አለው፤ ማስረጃው ግን የተገኘው ከተወሰነ ዓይነት ታካሚ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ምክሩ በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው ደጋ ከመሰጠቱ በፊት የታካሚው ማንነት ሊለይ እንደሚገባ ያስረዳል።

የምክሩ መሠረት

በስኮትላንድና በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ የተካሄደው «ዳይሬክት» የተባለው ሙከራ የመጀመሪያ ዓመት ውጤቱን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ነው። ተሳታፊዎቹ ሕመሙ ከታወቀባቸው ከ6 ዓመት ያልበለጡ፣ ኢንሱሊን የማይወስዱ፣ የክብደትና የቁመት ምጣኔያቸውም ከ27 እስከ 45 የሆነ ነበሩ። ከ3 እስከ 5 ወራት በቀን 850 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ብቻ የሚሰጥ ምጥን ምግብ ወሰዱ። በ12ኛው ወር 46 በመቶ የሚሆኑት ያለ መድኃኒት የደም ስኳራቸው ከሕመሙ መለያ ወሰን በታች ሆነ፤ በመደበኛ ሕክምና ከቆዩት ይህን ያገኙት 4 በመቶ ብቻ ነበሩ። 15 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ከቀነሱት መካከል ግን ድርሻው 86 በመቶ ደርሷል። በሁለተኛው ዓመት አጠቃላይ ውጤቱ ወደ 36 በመቶ ዝቅ ማለቱ የቀነሰን ክብደት ጠብቆ ማቆየት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ያመለክታል።

የለውጡ ምክንያት በጉበትና በቆሽት ውስጥ የተከማቸ ስብ መወገድ እንደሆነ ተመራማሪዎቹ ያስረዳሉ። ስቡ ሲቀንስ ጉበት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ይሻሻላል፤ ቆሽትም ኢንሱሊን የማመንጨት አቅሙን በከፊል ያገኛል። ስለዚህ ምክሩ የሚሠራው የሚወገድ ትርፍ ስብ ሲኖር ነው።

ቀጭኑ ታካሚ

ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 «ዲያቤቶሎጂያ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት በጎንደር አካባቢ ገጠር ከሚኖሩ ታካሚዎች ብዙዎቹ ቀጫጭን፣ ድኾችና ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው መሆናቸውን አሳይተዋል፤ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር ሕመም ጉዳይም እንደገና እንዲታይ ጠይቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ምድብ በ1985 ተቀብሎት በ1999 ሰርዞት ነበር። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2025 «ዓይነት 5» ብሎ ዕውቅና ሰጥቶታል። እንዲህ ላለው ገበሬ «ክብደት ቀንስ» ማለት የጎደለውን ማጉደል ነው።

በሌላ በኩል ቅጥነት ብቻውን ዓይነት 2ን አያስቀርም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው «ሪትዩን» የተባለ የብሪታንያ ጥናት አማካይ ምጣኔያቸው 25 ገደማ የሆነ 20 ሰዎችን ተከታትሎ፣ ክብደት በመቀነስ 14ቱ ያለ መድኃኒት ተመሳሳይ ለውጥ ማግኘታቸውን አሳይቷል። ስለሆነም ሚዛን ብቻውን አይለይም። ታካሚው ቀድሞ ወፍሮ ያውቅ እንደሆነ፣ የወገቡ ልክ፣ ሕመሙ የጀመረበት ዕድሜና ፍጥነት፣ እንዲሁም በሽንት ውስጥ ኪቶን መኖር አለመኖሩ አብረው ሊመረመሩ ይገባል።

የገበታው ጉዳይ

ክብደት መቀነስ ለሚገባው ታካሚ ምክሩ ከገበታው መነሣት አለበት። በጉና ተራራ ዙሪያ ገብስና ድንች ዋነኛ ምግቦች ናቸው። ድንች ወጥ በእንጀራ ሲበላ ድንቹ እንደ አትክልት ይታሰባል፤ በሥራው ግን ከእንጀራው ጋር የሚደመር ስታርች ነው። የእንጀራውን መጠን ቀንሶ የምስር፣ የአተርና የባቄላ ወጥን እንዲሁም ጎመንን ማብዛት፣ በወጡ ውስጥ የሚገባውን ዘይት መመጠን፣ ጠላን፣ ለስላሳንና በሻይና በቡና የሚጨመረውን ስኳር መተው ከቤት ሳይወጡ የሚቻሉ ለውጦች ናቸው።

ጾምም በምክሩ ውስጥ ቦታ ሊኖረው ይገባል። የጾም ምግብ በጥራጥሬ የበለጸገ በመሆኑ ያግዛል። ነገር ግን ግሊቤንክላሚድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው እስከ ከሰዓት በኋላ ሳይበላ ቢቆይ የደም ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት በሐኪም ሊስተካከል፣ ታካሚውም የንስሐ አባቱን ሊያማክር ይገባዋል።

ማኅበራዊ ትርጉሙም ሊዘነጋ አይገባም። «ወፈርክ» ማለት ምርቃት በሆነበት፣ የከሳ ሰው «ምን ነካው?» በሚባልበት አካባቢ ታካሚው ምክሩን ሲፈጽም እንደ ታመመ ሊቈጠር ይችላል። ስለዚህ ምክሩ በተለይ ምግብ ለምታዘጋጀው የቤተሰብ አባል ጭምር ሊሰጥ ይገባል።

ማጠቃለያ

የወንዛዬ ፍል ውኃ ከደጋውም ከከተማውም ፈውስ ፈላጊዎች የሚገናኙበት ስፍራ ነው። በአንድ ገንዳ አጠገብ የቆሙ ሁለት የስኳር ሕመምተኞች፣ አንዱ ወፍራም ነጋዴ፣ ሌላው ቀጭን ገበሬ፣ ተቃራኒ ምክር ሊያስፈልጋቸው ይችላል፤ አንዱ ምግብ መቀነስ፣ ሌላው ኢንሱሊንና በቂ ምግብ። ለሁለቱም የጋራ የሆነው ማስጠንቀቂያ ለመታጠብ ሲሄዱ መድኃኒት አለማቋረጥና፣ ስሜቱ የደነዘዘ እግር ሳይታወቅ ሊቃጠል ስለሚችል፣ የውኃውን ሙቀት በሌላ ሰው እጅ ማስፈተሽ ነው። ቀጣይ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች በዞኑ የስኳር ሕመም ክትትል ክፍሎች ያሉትን ታካሚዎች በክብደት ታሪክና በወገብ ልክ ቢለዩ፣ ምክሩን ለሚገባው ሰው ለማድረስ መነሻ ይሆናሉ።