የሽያጭ መዝገብን ወደ ዳታቤዝ ስለ ማዛወር

አንድ አስመጪ የብዙ ዓመት ሽያጩን በአንድ ረጅም የኤክሴል ሠንጠረዥ ጽፎ ይዟል እንበል። በያንዳንዱ መሥመር ቀኑ፥ የደረሰኙ ቍጥር፥ የደንበኛው ስምና አድራሻ፥ የዕቃው ዓይነት፥ ብዛቱና ዋጋው ሰፍሯል። ለዓይን የተሟላ መዝገብ ነው። ነገር ግን «ፀሐይ» የተባለው ሱቅ በአንዱ መሥመር በፀሐዩ ፀ፥ በሌላው በጸሎቱ ጸ፥ በሦስተኛው ደግሞ በሃሌታው ሀ ተጽፎ ይገኛል። አማርኛ አንባቢ ሦስቱን አንድ አድርጎ ያነባል፤ ኮምፒዩተር ግን ሦስት ደንበኞች ብሎ ይቈጥራል። የዱቤው ወሰን 100,000 ብር ቢሆንና በሦስቱ አጻጻፍ እያንዳንዱ 40,000 ብር ዕዳ ቢኖር፥ አንዱም ከወሰኑ ያለፈ አይመስልም፤ ድምሩ ግን 120,000 ብር ነው። ዕቃው ዳግመኛ በዱቤ ይወጣል ማለት ነው።

ለዚህ መድኃኒት የሚሆነው ሥርዓት ኖርማላይዜሽን ይባላል። መሠረቱን የጣለው እንግሊዝ አገር የተወለደው የአይ ቢ ኤም ባልደረባ ኤድጋር ኮድ ሲሆን፥ ጽሑፉ የታተመው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1970 ዓ.ም. ነው። የሐሳቡ ፍሬ፥ ማናቸውም ነገር በአንድ ቦታ ብቻ ይጻፍ የሚል ነው።

በመጀመሪያው ደረጃ በአንድ ሣጥን ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይገባል። «ሳሙና 10 ካርቶን፥ ዘይት 5 ጀሪካን» ተብሎ በአንድነት ከተጻፈ የዘይቱን ሽያጭ ለብቻው መደመር ስለማይቻል ለየመሥመሩ ይከፈላል። በሁለተኛው ደረጃ የዕቃው ስምና መስፈሪያ ከዕቃው ቍጥር ጋራ እንጂ ከደረሰኙ ጋራ ስለማይያያዝ ወደ ዕቃዎች ሠንጠረዥ ይሄዳል። በሦስተኛውም የደንበኛው አድራሻ የደንበኛው እንጂ የደረሰኙ አይደለምና ወደ ደንበኞች ሠንጠረዥ ይዛወራል። እንዲህ ሆኖ አንዱ ሠንጠረዥ አራት ይሆናል፤ ይኸውም ደንበኞች፥ ዕቃዎች፥ ደረሰኞችና የደረሰኝ መሥመሮች ናቸው።

በዋጋ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ ጀማሪዎች ድግግሞሽን እናጠፋለን ብለው ዋጋን በዕቃዎች ሠንጠረዥ ብቻ ያስቀምጣሉ። ዋጋው ሲጨምር የዓምናው ሽያጭ ሁሉ በዘንድሮው ዋጋ ይሰላል፤ ሒሳቡም ከግብር ደረሰኙ ጋራ አይገጥምም። ዕቃው በዕለቱ የተሸጠበት ዋጋ ራሱን የቻለ ነገር ስለ ሆነ በደረሰኙ መሥመር ላይ መቅረት አለበት።

ሠንጠረዦቹን የሚያገናኘው መለያ ቍጥር ነው። ስም ለዚህ አይበቃም፤ በስምም በአባት ስምም የሚገጥሙ ሁለት ነጋዴዎች በአንድ ገበያ ሊገኙ ይችላሉ። ስልክም ይለወጣል። የግብር ከፋይ መለያ ቍጥር ያለው በዚያው ይመዘገባል፤ ለሌለው ንግድ ቤቱ የራሱን ቍጥር ይሰጠዋል።

ከሁሉ የሚከብደው የተበታተኑትን ስሞች ማዋሐድ ነው። ኮምፒዩተሩ ተመሳሳዮቹን አሰልፎ ያሳያል፤ አንድ መሆናቸውን የሚፈርደው ግን ደንበኞቹን የሚያውቅ ሰው ነው፤ እርሱም ቢሆን የዱቤ ሰነዱን ተመልክቶ ሊሆን ይገባዋል። ሳይጣራ ቢደባለቅ የአንዱ ዕዳ በሌላው ስም ይጻፋል። ስለዚህ የቀድሞው ሠንጠረዥ አንድ ቅጂ ሳይነካ ይቀመጣል፤ የአዲሶቹም ድምር ከርሱ ድምር ጋራ እስከ ሳንቲሙ ሳይገጥም ሥራው አለቀ አይባልም።