ቤቱም መሬቱም አስቀድሞ እናትሽን ይጡር

እህት ዓለም፣ እናትሽ የጠየቁትን መልሰው መላልሰው መጠየቅ፣ ጨው በገባበት ወጥ ላይ እንደገና ጨው መጨመር፣ ለእኩል አራሹ የሰፈሩለትን ዘር «አልሰጠሁም» ማለት ከጀመሩ «ጃጅተው ነው» ብለሽ አትለፊው። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ወስደሽ አስመርምሪያቸው። የእንቅርት እጢ መዛባት፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርትም የመርሳት በሽታ መስለው ይመጣሉ፤ በጊዜ ከተደረሰባቸው ይታከማሉ። ጠበል መሄድ ከፈለጉ ይሂዱ፣ መድኃኒታቸውን ግን ሳያቋርጡ።

ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው ካለሽ ጊዜ አታባክኚ። በሽታው ለዓመታት ቀስ እያለ የሚሄድ ነው። ዛሬ ስምሽን ይጠሩታል፣ ማሳቸው ከማን ማሳ እንደሚዋሰን ይነግሩሻል፣ ማን እንዲጦራቸው እንደሚወዱ ያውቃሉ። ይህ ሁሉ ከእሳቸው እየራቀ ስለሚሄድ የንብረታቸውን ነገር አሁን፣ እሳቸው ባሉበት ተነጋገሩ። ማለዳ ልባቸው የሚሰበሰብ ከሆነ ማለዳ ይሁን። «ሳልሞት ሊካፈሉኝ ነው» ብለው እንዳይቀየሙ የመጀመሪያው ቃልሽ «እማዬ፣ ያለሽ ሁሉ አስቀድሞ ላንቺ ይዋል» የሚል ይሁን። ይህን ስትዪም ከልብሽ ይሁን፤ ውርስ የሚባለው እሳቸው ካለፉ በኋላ የሚተርፈው ነው።

አሜሪካ ያለ ወንድም ካለሽ «ቤቱን ቶሎ በስማችን እናዙረው» ብሎ ይደውል ይሆናል። ክፋት አይደለም፤ የሚኖርበት አገር ያስተማረው ነው። እዚያ ሜዲኬይድ የሚባለው የመንግሥት ፕሮግራም የመጦሪያ ቤት ወጪ የሚከፍለው ጥሪቱ ለተሟጠጠ ሰው ነው፤ በአብዛኞቹ ግዛቶችም ከማመልከቻው ቀን ወደ ኋላ 5 ዓመት ተሂዶ ለልጅ የተሰጠ ንብረት ይመረመራል። ሰዉ ቤቱን ቀድሞ የሚያዞረው ለዚህ ነው። እዚህ ግን እናትሽ ባዶ እጃቸውን ቢቀሩ ወጪያቸውን የሚረከብ ፕሮግራም የለም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኑ ሕክምናውን ያግዛል እንጂ ቀን ከሌት አጠገባቸው ለምትሆን ሠራተኛ ደመወዝ አይከፍልም። አዲስ አበባ ላይ ቢኒያም በለጠ ያቋቋመው የመቄዶንያ መርጃ ማዕከልም የሚያነሣው ጧሪ አጥቶ የወደቀውን ነው። ቤቱ ወደ ልጆች ስም የዞረ ዕለት እናትሽ ያላቸውን መጦሪያ አጡ ማለት ነው። ከልጆቹ አንዱ ቢፋታ፣ ቢከስር ወይም ቀድሞ ቢሞት ደግሞ እሳቸው የሚተኙበት ክፍል የሌላ ሰው ክርክር ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ስም ማዞሩን እምቢ በይ። ወንድምሽ መርዳት ከፈለገ በየወሩ የሚችለውን ይላክ።

ከዚያ ያለውን ቁጠሪው። ጎዛምን ወይም ስናን ላይ መሬት ካለ የይዞታ ደብተሩን ፈልጊና በማን ስም እንደሆነ እይ፤ አባትሽ አልፈው ከሆነ ስሙ ሳይስተካከል ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ከ1989ኙ የመሬት ድልድል የተረፈ ክርክር ካለም የሚያውቁት እናትሽ ናቸውና ሳይረሱት ጠይቂያቸው። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አይሸጥም፤ «ሸጠን እናስታምማቸዋለን» የሚል ሐሳብ ከቤታችሁ ይውጣ። ግን ያፈራል። የእኩል ከተሰጠ ማዳበሪያውንና ዘሩን ማን እንደሚገዛ ጻፉት፣ በአውድማም አንቺ ቁሚ፤ የረሳች ባለ መሬት ድርሻዋ እየቀነሰ ሲሄድ አይታወቃትም። ኪራይ ከሆነ ውሉ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። ወለድ አገድን ግን እለምንሻለሁ፣ ሌላ መንገድ እያለ አትንኪው። ለአንድ ሰሞን ሕክምና ብር ተበድረሽ ማሳውን ስትለቂ ለሚቀጥሉት ዓመታት የሚበሉትን እህል አብረሽ ለቀቅሽ። ባሕር ዛፍ ካለ ይሻላል፤ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፣ አጣናውንም በየተራ ቆርጠሽ ልትሸጪ ትችያለሽ። ነጋዴ መጥቶ ጠቅላላውን በአንድ ዋጋ ሲልሽ አትቸኩዪ።

የከተማው ቤት ትርፍ ክፍል ካለው አከራዪው፤ አንዱን ለሠራተኛዋ አስቀሪ። የኪራዩ ብር በእናትሽ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይግባ።

ስለ ተዝካርም ልናገር፣ ብትቆጪም። በአገራችን እናት በሕይወት ሳለች ፍራሽ የሚቀይርላት ታጥቶ፣ ባረፈች በ40 ቀኗ በሬ የሚታረድበት ጊዜ አለ። እድሩም ቢሆን የሚደርሰው ለቀብር ነው። ለተዝካር የታሰበ ገንዘብ ካለ ዛሬ ለዳይፐር፣ ለሠራተኛ፣ ለሚለሰልስ ምግብ ይዋል። የነፍስ አባታቸውን ጠርታችሁ ይህንኑ በፊታቸው ተነጋገሩት፤ የነፍስ አባቱ ሲሰሙት ወንድሞችሽም ይሰሙታል።

የወረቀቱን ነገር በደንብ ስሚኝ። ለአንድ ልጅ ጠቅላላ ውክልና ቢሰጡ ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ያገለግላል፤ ቤት ለመሸጥ ወይም በዕዳ ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ደግሞም በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወካዩ ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ይቋረጣል፣ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር። «ችሎታ ባጣም ይቀጥል» የሚለው ቃል እንዲገባ ጠይቂ፤ ካልጠየቅሽ ሳይነሣ ሊያልፍ ይችላል። የሚፈርሙ ዕለትም የሚፈርሙትን እንደሚረዱ የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ አብሮ ይያዝ።

ኑዛዜውም እንዲሁ ነው። ለነፍስ አባትና ለጎረቤት በቃል «ቤቴ ለእገሊት ነው» ማለት ቤት አያወርስም። በሕጉ የቃል ኑዛዜ የሚሠራው ለቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ሞግዚትነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ነው። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ ተጽፎ፣ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል። አባትሽ በሕይወት ካሉም ሁለቱ በአንድ ወረቀት አይናዘዙ፤ የጋራ ኑዛዜ ፈራሽ ነው። እናንተ እህትና ወንድማማቾች ብቻችሁን ተቀምጣችሁ የምትፈራረሙት የውርስ ክፍፍልም እሳቸው በሕይወት ሳሉ ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የመርሳት በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ከማስታመሙ ሰዓት 70 በመቶ ያህሉ የሚወድቀው በሴቶች ላይ ነው። በእናንተም ቤት አንቺ ላይ መውደቁን አውቃለሁ። ሥራሽን ትተሽ የምታጥቢያቸው፣ ሌሊት በር እንዳይከፍቱ ነቅተሽ የምታድሪው አንቺ ነሽ፤ ሌሎቹ ለበዓል መጥተው «ከስተዋል» ይላሉ። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ወላጅን መቀለብ የልጆች ሁሉ ግዴታ አድርጎታል፤ አንቺ ቅርብ ስለሆንሽ ያንቺ ብቻ አልሆነም። ገንዘብ ያለው ገንዘብ ያዋጣ፣ የሌለው ተራ ይጠብቅ። በኋላ «ቤቱን ልትበላ ነው የጦረችው» እንዳይሉሽም፣ እናትሽ ለድካምሽ የተለየ ነገር ሊሰጡሽ ከወደዱ አሁን በሁሉም ፊት ይናገሩትና በኑዛዜያቸው ይግባ። ይህን መጠየቅ ስግብግብነት አይደለም። ዝም ብለሽ ቆይተሽ ከቀብር በኋላ ፍርድ ቤት ከወንድምሽ ጋር ከመቆም ይሻላል።

ጊዜው አልፎ እናትሽ አንቺንም የማይለዩ ከሆነ በፍጹም አታስፈርሚያቸው። ጣታቸውን ይዘሽ ወረቀት ላይ ብታሳርፊ ወረቀቱም ይፈርሳል፣ ስምሽም ይጎድፋል። የቀረው መንገድ ፍርድ ቤት ነው፤ የቅርብ ዘመድ አመልክቶ፣ የሐኪም ማስረጃ ታይቶ፣ በፍርድ እንደተከለከሉ ሲወሰን ንብረታቸውን የሚያስተዳድር ሞግዚት ይሾማል። ሞግዚቱ የገባውንና የወጣውን ሒሳብ የሚጠየቅ ሰው ነው። ሹመቱ ለአንቺ የመድረስ ዕድሉ ሰፊ ነውና ደብተር ግዢ፤ የኪራዩን፣ ከአውድማው የገባውን፣ የመድኃኒቱንና የሠራተኛዋን ወጪ ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ጻፊበት፣ ደረሰኙንም አብረሽ አኑሪ።