ከመወገንሽ በፊት ማሙሽን ስሚው

አንቺ ልጅ፣ እስቲ ያንን እስክሪፕቶ አስቀምጪው። ከኋላሽ ቆሜ ሳይሽ ሩብ ሰዓት ሆነኝ። ገጹን ለሁለት ከፍለሽ በግራ «ቾምስኪ»፣ በቀኝ «ቶማሴሎ» ብለሻል፤ ከሥራቸው ግን አንድም ቃል የለም። ሰኞ ክፍል ውስጥ ልጅ ቋንቋን እንዴት እንደሚለምድ ከሁለቱ ምሁራን የማንን ሐሳብ እንደምትደግፊ ተናገሪ ተብለሻል አይደል? እኔም 6 ኪሎ ሳለሁ እንዲሁ ተብዬ ነበር። ሌሊቱን ስሸመድድ አደርኩ፣ ጧት አራገፍኩት፣ ጥሩ ውጤት ይዤ ወጣሁ። ስለ ልጅ ግን አንድም ነገር አላወቅኩም። ያኔ አንቺ እዚሁ ቤት አፍሽን እየፈታሽ ነበር፤ ሳሎን ውስጥ ስትንጫጪብኝ «ዝም በይ፣ የቋንቋ ፈተና አለብኝ» እያልኩ በር እዘጋብሽ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ትናንት ማታ የቤታችን ትንሹ ልጅ ማሙሽ ውሻውን ሲጠራ ሰምተሽዋል? «ቡቺ ምጣ!» ነው ያለው። እማዬ ሳቀችና «‹ና› በለው እንጂ!» አለችው። «እሺ» አለና ዞር ብሎ፣ «ቡቺ ምጣ!» አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ አንቺም ወደ መጽሐፍሽ ተመለስሽ።

እዚህ ቤት «ምጣ» የሚል ሰው አለ? የለም። ጎረቤትም አይልም፣ ቴሌቪዥኑም አይልም። ታዲያ ከማን ሰማው? ወጣ፣ ይውጣ፣ ውጣ። በላ፣ ይብላ፣ ብላ። ጠጣ፣ ይጠጣ፣ ጠጣ። ስለዚህ መጣ፣ ይምጣ፣ ምጣ። አማርኛችን ግን እዚህች ቦታ ላይ ከ«መጣ» ጋር በመልክም በድምፅም የማይዛመድ «ና» የሚል ቃል አስቀምጣለች። ልጁ ሕጉን ይዞታል፤ ያልያዘው ይህ ግስ ከሕጉ ያፈነገጠ መሆኑን ብቻ ነው። ደግሞ ልብ በይ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በደንብ «ና» ይል ነበር። ያኔ ቃሉን እንደ ድንጋይ አንስቶ ነው የያዘው። አሁን ግሶች እርስ በርስ እንደሚዛመዱ ሲገባው «ና»ን ጥሎ «ምጣ»ን ሠራ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆችም እንዲሁ ናቸው፤ «ሄደ» ለማለት በትክክል «ዌንት» ሲሉ ከርመው ድንገት «ጎድ» ማለት ይጀምራሉ። ለወላጅ ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስለዋል፤ ልጁ ግን ወደፊት ሄዷል።

ይህን ነገር በሥርዓት የፈተነችው ጂን በርኮ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1958። ወፍ የምትመስል ነገር ሣለችና ስሟን «ዋግ» አለቻት፤ ስንዴያችንን የሚመታው ዋግ እንዳይመስልሽ፣ እዚያው የተፈጠረ ቃል ነው። ቀጥላ ሁለቱን አሳየችና ልጆቹ ዓረፍተ ነገሩን እንዲጨርሱላት ጠየቀቻቸው። ቃሉን በሕይወታቸው ሰምተውት አያውቁም፤ ግን የእንግሊዝኛውን የብዙ ቁጥር ምልክት ጨምረው መለሱላት። ያልሰሙትን መድገም አይቻልምና ውስጣቸው ሕግ አለ ማለት ነው። ዛሬ ማታ አንቺም ሞክሪው። ማሙሽን «ድመቷ ትናንት ዘገፈች፤ ነገስ?» በይው። «ትዘግፋለች» ይልሻል ብዬ በምሳዬ እወራረዳለሁ። ሦስቱን ተነባቢዎች ነቅሎ በሌላ አናባቢ መካከል መልሶ ሲተክላቸው ታያለሽ። እኔ ይህንን በሰሌዳ ላይ ለመማር አንድ ሴሚስተር ፈጅቶብኛል።

በሥነ ልቦና ሊቁ በስኪነር ላይ ብዙ አትድከሚ። እ.ኤ.አ. በ1957 ንግግርም እንደ ሌላው ባሕርይ በሽልማት የሚጠናከር ልማድ ነው የሚል መጽሐፍ አወጣ፤ በ1959 ቾምስኪ ረጅም ትችት ጽፎ አፈራረሰው። ትችቱን አንብቢው፣ ቁጣው ራሱ ያዝናናል። እኔን ያሳመነኝ ግን የቾምስኪ ቁጣ ሳይሆን ሮጀር ብራውንና ካሚል ሃንሎን በ1970 ያወጡት ሥራ ነው። የአዳምን፣ የኢቭንና የሣራን፣ የሦስት አሜሪካውያን ሕፃናትን የተቀዳ ወሬ መረመሩ። እናቶቹ የሚያርሙት ሰዋስውን ሳይሆን እውነቱን ሆኖ ተገኘ። ኢቭ ስለ እናቷ ስታወራ «እሱ ሴት» ዓይነት ነገር ስትል እናቷ «ልክ ነሽ» አለቻት፤ ሴትነቷ እውነት ነዋ! የቤታችንንም ተመልከቺ። ማሙሽ «አያቴ መጣ» ቢል እማዬ በሩን ለመክፈት ትሮጣለች እንጂ «መጣች በል» አትልም። እንዲያውም ራሷ ታበላሻለች፤ ስታባብለው «ነይ የኔ ቆንጆ፣ ነይ ብይ» አይደል የምትለው? ወንዱን በአንቺ፣ ሴቷን በአንተ ማቆላመጥ ለእኛ ፍቅር ነው፤ ለቋንቋ ተማሪ ግን ገደል ነው። ማሙሽ ግን አንድ ቀን «በላሁ» እንጂ ራሱን ሴት አድርጎ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም… ይቅርታ፣ «በላሁ» ጾታ አይለይም፣ መጥፎ ምሳሌ ነው። «ጎበዝ ነኝ» ሲልም አይለይም። «ማሙሽ በላ» ሲል ነው የሚለየው፤ ሁሌም «በላ» ነው የሚለው። አየሽ፣ እኔም ቋንቋዬን የማየው ቆሜ ሳስብ ብቻ ነው።

እንግዲህ የቾምስኪ ወገን እንዲህ ያለውን ማስረጃ ይዞ ነው ልጅ ከሚሰማው በላይ ያውቃል፣ ስለዚህ የሰዋስው መሠረት አብሮት ይወለዳል የሚለው። ለዚህ ወገን ከሁሉ የሚያስደምመው የኒካራጓው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ማናጓ ውስጥ መስማት የተሳናቸው ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ትምህርት ቤት ተሰባሰቡ። መምህራኑ ስፓኒሽ በከንፈር ንባብ ሊያስተምሯቸው ለፉ፤ አልሆነም። ልጆቹ ግን በግቢውና በአውቶቡሱ ውስጥ ከየቤታቸው ያመጡትን ምልክት አዋጥተው አዲስ የምልክት ቋንቋ ፈጠሩ። በኋላ የመጡት ትንንሾች ደግሞ ከታላላቆቻቸው የተቀበሉትን ይበልጥ ሥርዓት አስያዙት። ያልተሰጣቸውን ሰጡ። ይህን ሳነብ ለአንድ ወር ያህል ፍጹም የቾምስኪ ሰው ሆኜ ነበር።

ግን ሌላውንም ስሚ። እ.ኤ.አ. በ1996 ሳፍራን፣ አስሊንና ኒውፖርት የተባሉ ተመራማሪዎች ለ8 ወር ሕፃናት ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት ያለ ፋታ ለ2 ደቂቃ አሰሟቸው። ሕፃናቱ የትኛው ድምፅ የትኛውን እንደሚከተል ቆጥረው «ቃላቱን» ለዩ። አፉን ያልፈታ ልጅ ስታትስቲክስ ይሠራል! ቶማሴሎም የገዛ ልጁን ንግግር በየቀኑ በማስታወሻ ይዞ በ1992 ባወጣው መጽሐፍ፣ ልጅ መጀመሪያ ጠቅላላ ሕግ የለውም፣ እያንዳንዱ ግስ ለብቻው እንደ ደሴት ነው አለ። ደሴቶቹን ቀስ በቀስ የሚያገናኛቸው የሰውን ሐሳብ እየገመተና የተመሳሰለውን እያሰባሰበ ነው። እኔ ዛሬ ወደዚህኛው አዘነብላለሁ፤ አንቺ ግን እኔ ስላልኩሽ አታዘንብዪ።

«ሰዋስው» በግዕዝ መሰላል ማለት መሆኑን ታውቂያለሽ። የቅኔ ቤት ተማሪ ግዕዝን በእውነትም በመሰላል ነው የሚወጣው፤ ግስ ይገስሳል፣ እርባ ቅምር ይማራል፣ ከዚያ ሁለት ቤት ባላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል። እናቱ በግዕዝ እሹሩሩ አላለችውማ። ማሙሽን ግን ጣራው ላይ ቆሞ ነው የምናገኘው። የእነዚህ ሁሉ ምሁራን ጠብ መሰላሉ የት ሄደ የሚል ነው፤ አንዱ ከእንጨቱ ጋር ተወለደ ይላል፣ ሌላው ከለቀመው ጭራሮ ሠራው ይላል።

አሁን ወደ ምክሬ ልምጣ። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ያለው አብዛኛው ምሳሌ እንግሊዝኛ ነው። ብራውን የልጅን ዕድገት የለካው አንድ አነጋገር በአማካይ ስንት ምዕላድ፣ ማለትም ትርጉም ያለው ትንሹ የቃል ክፍል፣ እንደሚይዝ በመቁጠር ነበር፤ ብዙ ሰው ደግሞ ምዕላዱን ትቶ ቃል ይቆጥራል፣ «ሁለት ቃል ማገጣጠም ጀመረ» ይላል። በእኛ ቤት ግን ማሙሽ «አልሰጠኝም» ሲል ስንት ቃል አለ? አንድ። እዚያች ውስጥ ግን ሰጪው አለ፣ ተቀባዩ አለ፣ ድርጊቱ አለ፣ አሉታው ደግሞ ከፊትም ከኋላም አለ። እሱን «የአንድ ቃል ደረጃ ላይ ነው» ብሎ መመዝገብ ዕውርነት ነው። በዚያ ላይ እንዲህ የሚል ሰምቻለሁ፦ «ስላልሰጠኝ አለቀስኩ።» መጨረሻ ላይ ያለችው «ም» ጠፋች! «ስላልሰጠኝም» አላለም። እንዲህ ዓይነት ጥገኛ ሐረግ ውስጥ ስትገባ «ም» እንደምትወድቅ ማን ነገረው? እማዬ አታውቀውም፣ እኔም እስክማር ድረስ አላውቀውም ነበር። ለቾምስኪ ወገን ነው ብለሽ ልትቸኩዪ ትችያለሽ፤ ቶማሴሎ ደግሞ «ስላል…» እያሉ ስንት ጊዜ እንደሚያወሩለት ቁጠሪልኝ ይልሻል። እንግዲህ ቁጠሪያ!

ስለዚህ ስልክሽን ቅዳሜ ጧት ምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪና ቅጂ። «ይህን በል፣ ያንን በል» አትበዪው፤ ፈተና ሲመስለው አፉን ይዘጋል። ካርቱኑን አጥፊው፣ አብረሽው ተጫወቺ። የቀዳሽውን በዚያው ቀን ጻፊው፣ ሳምንት ካሳለፍሽ ምን ይዞ ምን እያለ እንደነበር ይጠፋሻል። ልጁ በዚያን ቀን ስንት ዓመት ከስንት ወሩ እንደሆነ ከላይ አስፍሪ። ኮልታፋነቱን አታስተካክዪለት፤ እንዳለው ጻፊው። እናቱን ደግሞ አስቀድመሽ አስፈቅጂ፣ ልጁ የምርምር ዕቃ አይደለም።

ሰኞ «ሁለቱም በከፊል ልክ ናቸው» ብለሽ እንዳትገላገዪ። እንዲህ ያለ መልስ ሰነፍ የሚደበቅበት ነው። አንድ የማሙሽን ስሕተት ያዢና ሁለቱንም በእሱ ጠይቂያቸው፤ የትኛው እንደሚንተባተብ ያኔ ይታያል። ማሙሽ ሦስት ዓመት ከአራት ወሩ ነው፤ ዛሬ ጧትም ቡቺን «ምጣ» ሲለው ሰምቼዋለሁ። ቶሎ ቅጂው። አንዴ ወደ «ና» ከተመለሰ ያቺን «ምጣ» አታገኚያትም።