ትእዛዝ ሲረዝም፤ የባይት ልክና የአማርኛ የፋይል ስም

በዩኒክስና በሊኑክስ የምንሠራ ተማሪዎች ልናውቀው የሚገባ አንድ ልክ አለ። በፎልደር ውስጥ ያሉትን ፋይሎች በሙሉ በኮከብ ምልክት ጠርተን ኮፒ እንዲደረጉ ስናዝ፣ ፋይሎቹ በመቶ የሚቆጠሩ ከሆነ ሥራው ያለ ችግር ይፈጸማል። በብዙ ዐሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ከሆነ ግን የአርጊውመንቱ ዝርዝር ከልክ በላይ ረዝሟል የሚል መልስ ይመጣና አንድም ፋይል ሳይገለበጥ ይቀራል። ይህ ከምን የመጣ ነው?

ብዙዎቻችን ጥፋቱን በኮፒው ትእዛዝ ላይ እንጥላለን። ነገር ግን ኮከቡን ወደ ፋይል ስሞች የሚዘረዝረው ሼሉ ነው፤ ሼሉም ዝርዝሩን ለከርነሉ ያስረክባል። ከርነሉ መዝኖ ከልክ ያለፈ ሆኖ ካገኘው ፕሮግራሙ ከነጭራሹ አይጀመርም። የፖዚክስ ደንብ ትንሹን ልክ 4096 ባይት አድርጎታል። በሊኑክስ እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ድረስ ልኩ 131072 ባይት ነበር። ከከርነል 2.6.23 ወዲህ ግን ስታክ የተባለው የማስታወሻ ክፍል ወሰን ሩብ ሆኗል፤ ይኸውም ስታኩ እንደ ተለመደው 8 ሜጋባይት ሲሆን 2 ሜጋባይት ነው። የኢንቫይሮመንት ተለዋዋጮችም ከዚሁ ሒሳብ ይቀነሳሉ።

ልብ እንበል፤ የሚቆጠረው ባይት እንጂ ፊደል አይደለም። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ የገባ ሲሆን፣ በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «አሶሳ» የሚለው ስም 9 ባይት ነው፤ በላቲን 5 ይበቃው ነበር። «መተከል» 12 ነው፤ በላቲን 7። «ቤኒሻንጉል ጉሙዝ» ከነባዶ ቦታው 28 ነው፤ በላቲን 17። አንዱ ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን አጣምሮ ስለሚይዝ ልዩነቱ ሦስት እጥፍ አይደርስም፤ ሆኖም ከአንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ከአሶሳና ከመተከል ዞኖች መረጃ ሰብስቦ በአማርኛ ስም የሚያስቀምጥ ተማሪ ወደ ልኩ ቀድሞ ይደርሳል። የአንድ ፋይል ስምም በተለመዱት የሊኑክስ የፋይል ሥርዓቶች ከ255 ባይት ስለማያልፍ ከ85 ፊደል በላይ አይችልም።

መፍትሔው ምንድን ነው? ኤክስአርግስ የተባለው ፕሮግራም ዝርዝሩን ከልኩ በታች እየከፋፈለ ትእዛዙን ደጋግሞ ያስኬዳል። ትልቁ አደጋ ግን እዚህ ላይ ነው። ታር የተባለውን ፕሮግራም በኤክስአርግስ በኩል አዲስ ጥቅል እንዲፈጥር ብናዘው፣ ሁለተኛው ዙር የፊተኛውን ጥቅል ደምስሶ በላዩ ይጽፋል። በእጃችን የሚቀረው የመጨረሻው ክፍል ብቻ ነው፤ የስሕተት መልእክትም አይታይም።

እንግዲህ የሚከተሉትን እናድርግ፤

1ኛ/ በጌትኮንፍ ትእዛዝ የመሣሪያችንን ልክ አስቀድመን እንጠይቅ።

2ኛ/ ለኤክስአርግስ የምንልካቸው ስሞች ባዶ ቦታ ሲኖራቸው እንዳይቆራረጡ በዜሮ ባይት እንለያቸው።

3ኛ/ ለታር የስሞቹን ዝርዝር በፋይል ጽፈን እንስጠው፤ ከፋይል የሚነበብ ዝርዝር በዚህ ልክ አይታሰርም።

4ኛ/ ዋናዎቹን ፋይሎች ከማጥፋታችን በፊት በጥቅሉ ውስጥ የገቡትን ቆጥረን ከፎልደሩ ቁጥር ጋር እናስተያይ። የአንድ ዓመት የጥናት መረጃ በዚህች አጭር ቆጠራ ሊድን ይችላል።