ሱቅ ከታች፣ ቤት ከላይ፦ የዴንቨርና የአውሮራ የዞኒንግ ደንብ

በኮልፋክስ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ የዮሴሚቲን መንገድ እንዳለፋችሁ ከዴንቨር ወጥታችሁ አውሮራ ገብታችኋል። ምግብ ቤቶቹ፣ የሐበሻ ሱቆቹ፣ ገንዘብ መላኪያዎቹ ያው ናቸው። ከሱቅ በላይ መኖሪያ ቤት መሥራት ይቻል እንደሆነ የሚወስነው ደንብ ግን ሌላ ነው። ነርሲንግ የምትማር ልጅ ይህ ምን አገባት የሚል አይጠፋም። ሺፍቷ ከጠዋቱ 1 ሰዓት የሚጀምር ሰው ግን ከሆስፒታሉ ምን ያህል ርቃ እንደምታድር በደንብ ያገባታል።

ዞኒንግ ማለት ከተማው መሬቱን ከፋፍሎ እዚህ መኖሪያ፣ እዚያ ንግድ፣ ወዲያ ፋብሪካ የሚልበት ደንብ ነው። ዴንቨር የመጀመሪያውን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። በዓመቱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኦሃዮ ግዛት የምትገኘውን የዩክሊድን ጉዳይ አይቶ አሠራሩን ሕገ መንግሥታዊ ነው አለ። በዚያው ውሳኔ ውስጥ በግል ቤቶች መካከል የሚሠራ አፓርታማ እንደ ጥገኛ ተባይ ተቆጥሯል! ለአዲስ አበባ ሰው ይህ ሁሉ እንግዳ ነገር ነው። ፒያሳ አርመኖችና ሕንዶች በሠሯቸው አሮጌ ሕንፃዎች ሱቁ ከታች፣ ኑሮው ከላይ ነበር። በኮንዶሚኒየሞቹም ምድር ቤት ያሉት ሱቆች በጨረታ የተሸጡት ገቢው የመኖሪያ ቤቶቹን ወጪ እንዲደጉም ታስቦ ነው።

ዴንቨር በ2010 ደንቧን እንደ አዲስ ስትጽፍ ወደዚህ ቀረብ አለች። ኮዱን ማንበብ ከባድ አይደለም። ለምሳሌ «ኢ-ኤምኤስ-3» ቢል የመጀመሪያው ፊደል የአካባቢውን ዓይነት ይናገራል፤ ኢ ማለት ከመሐል ከተማው ወጣ ያለ ሰፈር ነው። ኤምኤስ ዋና ጎዳና ማለት ሲሆን ሕንፃው ፊቱን ለእግረኛ መንገዱ ሰጥቶ ንግድንም መኖሪያንም መያዝ ይችላል። 3 የፎቁ ብዛት ነው፤ ምድሩንም ስለሚቆጥር በአገር ቤት አነጋገር ጂ+2 መሆኑ ነው።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። አንድ ቦታ አስቀድሞ ለእንዲህ ያለ ቅይጥ አገልግሎት ከተመደበ ባለንብረቱ ሱቆቹን አፍርሶ አፓርታማ ለመሥራት የምክር ቤት ድምፅ አያስፈልገውም። የሕዝብ ስብሰባም አይጠራም። ዕቅዱ ደንቡን ካሟላ የከተማው ባለሙያዎች ያጸድቁታል፣ አለቀ። በዴንቨር በኩል ያለው የኮልፋክስ አብዛኛው ክፍል እንዲህ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ ክርክሩ የተዘጋው በ2010 ነው ማለት ይቻላል። እኔ ያኔ ገና ፊደል አልቆጠርኩም።

ሕዝባችን ደግሞ በሁለቱም ወገን ቆሟል። ከጁላይ 2022 ጀምሮ ዴንቨር ውስጥ 10 ቤትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሁሉ ቢያንስ ከ8 እስከ 12 በመቶ የሚሆነውን ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ ነዋሪዎች በቅናሽ መስጠት አለበት። ይህ ለብዙ ቤተሰብ እፎይታ ነው። ነገር ግን ሐበሻ ሱቅ የከፈተባቸው በረድፍ የተሠሩ፣ ከፊታቸው ሰፊ ፓርኪንግ ያላቸው ቤቶች ኪራያቸው ቀለል የሚለው አሮጌ ስለሆኑ ነው። በአዲስ ሕንፃ ሥር ያለ ሱቅ የአዲስ ሕንፃ ወጪ ይጫንበታል። እንደ ቴኒሰን ባሉ ጎዳናዎች ምድር ቤቱ ለንግድ እንዲውል የሚያስገድድ ተጨማሪ ደንብ አለ፤ ጥሩ ነው፤ ግን ሱቅ ይኑር ይላል እንጂ የማን ሱቅ እንደሆነ አይልም።

ስለዚህ ወላጆቹ ወይም ዘመዶቹ ሱቅ የተከራዩ ሁሉ መጀመሪያ ማየት ያለበት የኪራይ ውሉን ነው። ባለንብረቱ ሊያፈርስ ወይም እንደ አዲስ ሊገነባ ሲፈልግ ውሉን ማቋረጥ ይችላል የሚል አንቀጽ አለው? ካለ የስንት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል? እንዲህ ያለ አንቀጽ ከመፈረም በፊት መደራደሪያ ነው፤ ከፈረሙ በኋላ ግን ይጠናል። እንግሊዝኛው ለእኛ ስለሚቀለን ማንበቡ የእኛ የልጆች ሥራ ይመስለኛል።

ቦታው የሚመደብበት ዞን እንዲለወጥ ጥያቄ ከቀረበ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዴንቨር ጉዳዩ በፕላን ቦርድ አልፎ ለምክር ቤቱ ይቀርባል፤ ማንም ሰው ቆሞ ለ3 ደቂቃ መናገር ይችላል። ከቦታው በ200 ጫማ ውስጥ ካለው መሬት የ20 በመቶው ባለቤቶች በፊርማ ከተቃወሙ ለውጡን ለማጽደቅ ከ13ቱ የምክር ቤት አባላት የ10ሩ ድምፅ ያስፈልጋል። ልብ በሉ፤ የሚቆጠረው የባለ መሬት ፊርማ ነው። እዚያው ሃያ ዓመት የነገደ ተከራይ ፊርማው በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። ለእሱ የቀረችው ያቺ የ3 ደቂቃ ንግግር ናት፤ ይህ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም።

ፓርኪንግንም ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ለእያንዳንዱ ቤት የመኪና ቦታ ከተጠየቀ በጠባብ የንግድ ቦታ ላይ አፓርታማ አይወጣምና። የኮሎራዶ ግዛት በ2024 ባወጣው ሕግ ከጁን 30 ቀን 2025 ጀምሮ ከተሞች በትራንዚት መስመር አቅራቢያ ለሚሠሩ አፓርታማዎች ፓርኪንግ ማስገደድ አይችሉም። ዴንቨር ከዚያም አልፋ በኦገስት 2025 ግዴታውን በመላ ከተማዋ አነሳች። አውሮራ ግን ከሌሎች አምስት ከተሞች ጋር ሆና በሜይ 2025 ግዛቱን ከሰሰች፤ ዞኒንግ በየቻርተራችን የምንወስነው የራሳችን ጉዳይ ነው በሚል።

አውሮራ የምትሠራው በ2019 ባጸደቀችው ደንብ ነው። ቅይጥ አገልግሎት ከፈቀደችባቸው ዞኖች አንዱ የፊትዝሲመንስ ዳርቻ ይባላል፤ በ1999 ከተዘጋው የጦር ሆስፒታል ግቢ፣ ከዛሬው አንሹትዝ ጋር የሚዋሰን ነው። እዚያ ለክሊኒካል ልምምድ የምትመደቡ ቤት ስትፈልጉ ከኮልፋክስ ማዶ ጀምሩ። የሁለቱም ከተሞች የዞኒንግ ካርታ በነፃ ኢንተርኔት ላይ አለ፤ አድራሻ ስታስገቡ ኮዱ ይወጣል። የምታዘወትሩትን ሱቅ አድራሻም አስገብታችሁ እዩት።